የጄምስ ዌይንስታይን የአከርካሪ ጥናቶች፦ የ«ስፖርት»ን ውጤት እንዴት እናንብበው?

ሰነድ መርማሪ (ክሩን የከፈተ)

በዚህ መድረክ ስለ ዲስክ (በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ስላለው ለስላሳ ትራስ) መንሸራተት በተነሣ ቁጥር «አሜሪካ ውስጥ በተደረገ ትልቅ ጥናት ቀዶ ሕክምና ጥቅም እንደሌለው ተረጋግጧል» የሚል አስተያየት ይቀርባል፤ ወዲያውኑ ሌላ ተሳታፊ «ያው ጥናት ቀዶ ሕክምና እንደሚበልጥ አሳይቷል» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም የሚጠቅሱት አንድን ሥራ ነው፤ ይኸውም የአጥንት ቀዶ ሐኪምና ተመራማሪ የሆኑት ዶክተር ጄምስ ዌይንስታይን በአሜሪካ ከሚገኘው የዳርትማውዝ የትምህርትና የሕክምና ተቋም ሆነው የመሩት፣ በምኅጻር «ስፖርት» እየተባለ የሚጠራው የአከርካሪ ሕሙማን ጥናት ነው። ጽሑፎቹን ላነበበ ሰው ሁለቱም አባባሎች ጥናቱ ያላለውን የሚያስብሉ ናቸው፤ ይህን ክር የከፈትኩትም ነገሩን ከምንጩ እንድንወያይበት ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ዌይንስታይንና ባልደረቦቻቸው በ2006 ባሳተሙት ሌላ ጽሑፍ፣ በአሜሪካ በዋናነት ለአረጋውያን በተቋቋመው ሜዲኬር በተባለው የመንግሥት የጤና መድን በተሸፈኑ ሰዎች ላይ ከ1992 እስከ 2003 የተደረጉ የወገብ ቀዶ ሕክምናዎችን መርምረው ነበር። አከርካሪዎችን በማያያዝ የሚሠራው ቀዶ ሕክምና ከአንዱ የአገሪቱ አካባቢ ወደ ሌላው እስከ 20 እጥፍ ይለያይ ነበር፤ ለዚሁ ሕክምና መድኑ የሚያወጣው ገንዘብም በእነዚያ ዓመታት ከ75 ሚሊዮን ወደ 482 ሚሊዮን ዶላር አድጓል። የሰው አከርካሪ ከአካባቢ አካባቢ ይህን ያህል ሊለያይ ስለማይችል፣ የሚለያየው የሐኪሞቹ ልማድና እምነት ነው ብሎ መደምደም ይቻላል። እንዲህ ያለ ልዩነት የሚያድገው ደግሞ አስተማማኝ ማስረጃ በሌለበት ቦታ ነው፤ የ«ስፖርት» አስፈላጊነትም ከዚህ ይመነጫል።

ጥናቱ በ2000 ታካሚዎችን መመዝገብ የጀመረ ሲሆን፣ በ11 የአሜሪካ ክፍላተ ሀገር በሚገኙ 13 የአከርካሪ ሕክምና ማዕከላት ተካሂዷል። ሦስት ሕመሞችን ለየብቻ ይመረምራል፤ እነሱም የወገብ ዲስክ መንሸራተት፣ የአከርካሪ ቦይ መጥበብ፣ እንዲሁም በዕድሜ ምክንያት አንዱ አከርካሪ በሌላው ላይ ወደ ፊት መንሸራተቱ ናቸው። ለእያንዳንዱ ሕመም ሁለት ምድቦች ነበሩ። የአንደኛው ምድብ ታካሚዎች በዕጣ ወደ ቀዶ ሕክምና ወይም ያለ ቀዶ ወደሚደረግ እንክብካቤ ተመድበዋል፤ በዕጣ መመደብን ያልፈለጉት ደግሞ ሕክምናቸውን ራሳቸው ከሐኪማቸው ጋር መርጠው በተመሳሳይ መንገድ ክትትል ተደርጎላቸዋል።

የዲስክ መንሸራተት ውጤት በኅዳር 2006 ሲታተም በዕጣ የተመደቡት 501 ነበሩ። በተመደቡበት ምድብ መሠረት በተደረገው ትንተና ሁለቱም ወገኖች በሁለት ዓመት ውስጥ በእጅጉ ተሽሏቸዋል፤ በዋና ዋናዎቹ መለኪያዎች በመካከላቸው የታየው ልዩነት ግን ትንሽና በስታቲስቲክስ ትርጉም የሌለው ነበር። «ጥቅም የለውም» የሚሉት ይህንን ዓረፍተ ነገር አንብበው ያቆሙ ናቸው። በዚያው ጽሑፍ ቀጥሎ ያለውን ሰንጠረዥ ግን እንመልከት። በሦስት ወር ውስጥ ለቀዶ ሕክምና ከተመደቡት መካከል ቀዶ የተደረገላቸው 50 በመቶዎቹ ብቻ ሲሆኑ፣ ያለ ቀዶ እንዲታከሙ ከተመደቡት 30 በመቶ የሚሆኑት ደግሞ ቀዶ ተደርጎላቸዋል። በሁለት ዓመት ቁጥሮቹ 60 እና 45 በመቶ ደርሰዋል። ስለዚህ የተነጻጸሩት «ከግማሽ በላይ ቀዶ የተደረገለት» እና «ከግማሽ ትንሽ ያነሰ ቀዶ የተደረገለት» ቡድን ናቸው ማለት ነው። በዚህ ሁኔታ ልዩነቱ መጥበቡ የሚያስገርም አይደለም።

እኔ የማምነው የዚህን ጥናት ማንኛውንም ውጤት ከመጥቀሳችን በፊት ታካሚዎች ከተመደቡበት ሕክምና ወደ ሌላው መሸጋገራቸውን የሚያሳየውን ይህን ሰንጠረዥ ማንበብ እንደሚገባን ነው። አስተያየታችሁን በአክብሮት እጠብቃለሁ።

የቀዶ ሕክምና ሬዚደንት

ሰነድ መርማሪ፣ ነገሩን ከሥሩ ስላነሡት አመሰግናለሁ። እኔ ደግሞ ከማየው ነገር ተነሥቼ የምጨምረው አለኝ። ታካሚዎቹ ከተመደቡበት የተሸጋገሩት ያለ ምክንያት አልነበረም። ሕመሙ የጠናባቸው ቀዶ ሕክምናውን ፈለጉ፤ እየተሻላቸው የሄዱት ደግሞ ተዉት። እግሩ እንደ እሳት እየነደደ ሌሊቱን ቁጭ ብሎ የሚያነጋን ሰው «ዕጣህ ያለ ቀዶ መታከም ነውና ጠብቅ» ብሎ ማስገደድ ከሙያው ሥነ ምግባር ጋር ይጋጫል። ስለዚህ መሸጋገሩን የጥናቱ አዘጋጆች ቸልተኝነት አድርጎ መውሰድ ተገቢ አይመስለኝም።

ታካሚዎቹ በእርግጥ ባገኙት ሕክምና መሠረት ሲተነተን፣ ቀዶ የተደረገላቸው ወገኖች በሕመም፣ በእንቅስቃሴና በወገብ ሕመም አካል ጉዳት መለኪያዎች ሁሉ በግልጽ በልጠዋል፤ ይህ ብልጫ በአራት ዓመትም በስምንት ዓመትም ሳይጠፋ ቆይቷል። በራሳቸው ምርጫ በታከሙት 743 ሰዎችም ላይ የታየው ይኸው ነው። ቀዶው ራሱ ምን እንደሆነም መዘንጋት የለበትም። ከነርቭ ሥሩ ላይ ተጭኖ የተቀመጠውን፣ ብዙ ጊዜ ከጣት ጫፍ የማይበልጠውን የዲስክ ቁራጭ ማውጣት ነው፤ ጠቅላላውን ዲስክ ማውጣትም፣ አከርካሪውን በብሎን ማሰርም አይደለም።

ቁጥር አጥኚ

ከሬዚደንቱ ጋር በአብዛኛው እስማማለሁ፤ አንድ ነጥብ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በተሰጠው ሕክምና መሠረት መተንተን ዕጣው የሰጠንን ትልቁን ዋስትና ያስቀረዋል። ዕጣ የሚጣለው ሁለቱ ቡድኖች በምናውቀውም በማናውቀውም ነገር እንዲመሳሰሉ ነው። ታካሚው በራሱ ውሳኔ ሲሸጋገር ግን ወደ ቀዶ የሄዱት ከቀሩት በሕመማቸው ጽናት፣ በተስፋቸው፣ ምናልባትም በሥራቸው ዓይነት የተለዩ ይሆናሉ። ተመራማሪዎቹ እነዚህን ልዩነቶች በስታቲስቲክስ ለማስተካከል ሞክረዋል፤ ማስተካከል የሚቻለው ግን የተለካውን ነገር ብቻ ነው።

ሌላው ጉዳይ የሚለካው ነገር ነው። ዋናዎቹ መለኪያዎች ታካሚው ራሱ ስለ ሕመሙና ስለ እንቅስቃሴው የሚሞላቸው መጠይቆች ናቸው። ይህን የምለው ለመንቀፍ አይደለም፤ ስለ ሕመም ከታካሚው የተሻለ ምስክር የለምና። ነገር ግን ቀዶ የተደረገለት ሰው ቀዶ እንደተደረገለት ያውቃል፤ ትልቅ ነገር ተደረገልኝ የሚለው ስሜትም በመልሱ ላይ ጫና አለው። የማስመሰያ ቀዶ የተደረገለት ቡድን ባልነበረበት ጥናት ይህን ለይቶ ማውጣት አይቻልም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ትንተና የቀዶውን ጥቅም ያሳንሳል፤ ሁለተኛው ደግሞ ሊያጋንነው ይችላል። እውነቱ በሁለቱ መካከል ነው ብዬ አምናለሁ። የዌይንስታይን ቡድን ሊመሰገን የሚገባው ሁለቱንም ትንተናዎች ጎን ለጎን በማተሙ ነው። የሚመቸውን አንዱን ብቻ ማውጣት ይችል ነበር።

ተስፈኛ ታካሚ

ይህን ክር ሳነብ ስለ ራሴ የምትወያዩ መሰለኝ። በወገቤ የመጨረሻው ዲስክ መንሸራተቱን የኤምአርአይ ምርመራ አሳይቷል፤ ሕመሙ ከመቀመጫዬ ተነሥቶ በጭኔ ጀርባ እስከ እግሬ ውጫዊ ጠርዝ ይወርዳል። የተመለከተኝ ሐኪም «ካልተቆረጠ እግርህ ሽባ ሊሆን ይችላል» ስላለኝ ከፍተኛ ስጋት ላይ ነኝ። በሌላ በኩል ከሁለት ሳምንት ወዲህ ለረጅም ጊዜ መቀመጥ እየቻልኩ ነው። ጥያቄዬ ቀጥተኛ ነው፤ ብጠብቅ የምጎዳው ነገር አለ ወይ? ከእነዚህ ጥናቶች ለእኔ ዓይነቱ ሰው የሚሆን መልስ ካለ እባካችሁ ንገሩኝ።

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ

ወንድሜ ተስፈኛ፣ እኛ እዚህ የምንጽፈው የሚያክምዎትን ሐኪም ምርመራ አይተካም። ነገር ግን ጥያቄዎ በጥናቶቹ ውስጥ በቂ መልስ ካላቸው ጥያቄዎች አንዱ ነው።

በቅድሚያ መጠበቅ የማይቻልበትን ሁኔታ ልግለጽ። የሽንት መቋጠር ወይም ሳያውቁ ማምለጥ፣ ሰገራን መቆጣጠር አለመቻል፣ በብልትና በፊንጢጣ ዙሪያ ኮርቻ ላይ ስንቀመጥ በሚነካው ቦታ መደንዘዝ፣ ወይም በሁለቱም እግሮች ላይ የሚመጣ ድካም ካለ፣ ይህ በአከርካሪው ግርጌ ያሉት የነርቭ ጅራቶች መታፈናቸውን ሊያመለክት ስለሚችል በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል የሚያስኬድ ነው። የእግር ጡንቻ ድካም ከቀን ወደ ቀን እየባሰ ከሄደም እንዲሁ ፈጣን ውሳኔ ይጠይቃል። እንዲህ ያሉ ታካሚዎች መቆየት ስለማይችሉ «ስፖርት»ም በዕጣ አልመደባቸውም።

ከዚህ ውጭ ላለው፣ ማለትም እግርን ይዞ ለሚወርድ ሕመም፣ የ«ስፖርት» መልስ የሚያረጋጋ ነው። ያለ ቀዶ ከታከሙት ብዙዎቹ በግልጽ ተሽሏቸዋል፤ በመጠበቃቸው ምክንያት ሽባ ሆኑ የሚያሰኝ ውጤትም አልታየም። በኔዘርላንድስ በፖይልና ባልደረቦቹ ተሠርቶ በ2007 የታተመው ጥናት ነገሩን ይበልጥ ያጠራዋል። ከ6 እስከ 12 ሳምንት የዘለቀ ከባድ ሳያቲካ (ከወገብ ተነሥቶ እግርን ይዞ የሚወርድ የነርቭ ሕመም) የነበረባቸው 283 ሰዎች ቶሎ ቀዶ ወደሚደረግላቸውና ወደሚጠብቁት ተከፈሉ። ቶሎ የታከሙት የእግር ሕመማቸው በፍጥነት ለቀቃቸው፤ በአንድ ዓመት ሲታይ ግን በሁለቱም ቡድን 95 በመቶ ያህሉ አገግመው ነበር። ከጠባቂዎቹ 39 በመቶ የሚሆኑት በመጨረሻ ቀዶ እንደተደረገላቸውም መዘንጋት የለበትም። ስለዚህ ቀዶው የሚያስገኘው በአብዛኛው ፍጥነት ነው።

የተንሸራተተው ዲስክስ ምን ይሆናል? ሰውነት የወጣውን ቁራጭ እንደ ባዕድ ነገር ቆጥሮ በመከላከያ ሕዋሳት ቀስ በቀስ ይበላዋል። የሚገርመው፣ ይበልጥ የወጣው ይበልጥ ይጠፋል። በ2015 የታተመ የጥናቶች ቅኝት እንደሚያሳየው ከዲስኩ ተቆርጠው ከወጡት ቁራጮች 96 በመቶ፣ ሳይቆረጡ ከወጡት 70 በመቶ ሲመጠጡ ታይተዋል፤ በትንሹ ብቻ ካበጡት ዲስኮች ግን 13 በመቶዎቹ ናቸው። በምስሉ ላይ «ትልቅ ነው» መባሉ ብቻውን ሊያስፈራዎ አይገባም።

ሐኪምዎ ደግመው ሲመረምሩዎት፣ በጀርባዎ ተኝተው ቀጥ ያለውን እግርዎን ቀስ ብለው ሲያነሡት ሕመሙ በስንት ዲግሪ ላይ እንደሚጀምርና እስከ የት እንደሚወርድ ይከታተሉ። በመጀመሪያው ምርመራ ገና በ30 ዲግሪ ይጮኹ የነበሩ ከሆነና አሁን 60 ድረስ ከተነሣልዎ፣ ይህ ለረጅም ጊዜ መቀመጥ መቻልዎ ከሚነግረን ጋር የሚሄድ መልካም ምልክት ነው።

የቀዶ ሕክምና ሬዚደንት

ከባለሙያዋ ጋር ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ፤ «ካልተቆረጠ ሽባ ትሆናለህ» የሚለው አነጋገር ከላይ የተጠቀሱት አደገኛ ምልክቶች በሌሉበት በማስረጃ አይደገፍም። ሆኖም መጠበቅ ማለት ያለ ገደብ መቆየት እንዳይመስል እሰጋለሁ። በካናዳ ተሠርቶ በ2020 የታተመ ጥናት ሳያቲካቸው ከ4 እስከ 12 ወር የቆየባቸውን 128 ሰዎች በዕጣ መድቦ ሲያነጻጽር፣ በስድስት ወር የእግር ሕመም ረገድ ቀዶ የተደረገላቸው በግልጽ በልጠዋል። ሕመሙ ወራትን ካስቆጠረና መሻሻል ካልታየ፣ በራሱ ይለቃል የሚለው ተስፋ እየቀነሰ ስለሚሄድ ሚዛኑ ወደ ቀዶ ያጋድላል። ለአቶ ተስፈኛ ግን መሻሻሉ ስለተጀመረ የምቸኩልበት ምክንያት አይታየኝም።

የእናቱ ልጅ

ውይይቱ በዲስክ መንሸራተት ላይ ብቻ ቀረ፤ እኔ የምጠይቀው ስለ ቦይ መጥበብ ነው። እናቴ በዕድሜ የገፉ ናቸው። ጥቂት እንደተራመዱ ሁለቱም እግሮቻቸው ይከብዷቸዋል፤ ጎንበስ ሲሉ ወይም ሲቀመጡ ግን ወዲያው ይለቃቸዋል። ጋሪ እየገፉ ሲሄዱ ብዙ መራመድ መቻላቸው ሁላችንንም ያስደንቀናል። ለእሳቸው ያለው ማስረጃ ያው ነው ወይስ ይለያል?

ሰነድ መርማሪ

ይለያል፤ ጥያቄውን በማንሣትዎ ደስ ብሎኛል። የገለጹት ሁኔታ የቦይ መጥበብ ዓይነተኛ መልክ ነው። ቀጥ ብለን ስንቆም ወይም ወደ ኋላ ስንለጠጥ ከቦዩ በስተጀርባ ያለው ጅማት ወደ ውስጥ ይታጠፍና ቦዩን ይበልጥ ያጠበዋል፤ ጎንበስ ስንል ጅማቱ ይወጠርና ነርቮቹ ይፈታሉ። ጋሪው የሚረዳቸው ስለሚያጎነብሳቸው ነው።

የ«ስፖርት» የቦይ መጥበብ ውጤት የታተመው በየካቲት 2008 ነው። በዕጣ የተመደቡት 289፣ በምርጫቸው የታከሙት 365 ነበሩ። እዚህም መሸጋገር ነበር፤ በሁለት ዓመት ለቀዶ ከተመደቡት 67 በመቶ፣ ያለ ቀዶ እንዲታከሙ ከተመደቡት ደግሞ 43 በመቶ ቀዶ ተደርጎላቸዋል። ይህም ሆኖ በተመደቡበት መሠረት በተደረገው ትንተና እንኳ በአካል ሕመም መለኪያ ላይ ቀዶው በስታቲስቲክስ ትርጉም ባለው መጠን በልጧል፤ ከ100 ነጥብ በሚቆጠረው መለኪያ ልዩነቱ 7.8 ነበር። ከዲስክ መንሸራተት በተቃራኒ የጠበበ ቦይ ተመልሶ አይሰፋም፤ ሰውነት የሚመጥጠው ቁራጭ እዚህ የለም። ይሁንና ያለ ቀዶ የቆዩት ብዙዎቹ ከባሰባቸው ይልቅ ባሉበት የቆዩ ወይም በመጠኑ የተሻላቸው ስለነበሩ፣ ለእናትዎም የሚያጣድፍ ነገር ላይኖር ይችላል።

የስምንት ዓመቱ ውጤት ደግሞ ልብ ሊባል የሚገባው ነው። በዕጣ ከተመደቡት መካከል የቀዶው ብልጫ ከአራተኛው ዓመት በኋላ እየጠበበ ሄዶ ከስድስተኛ እስከ ስምንተኛው ዓመት ትርጉም ያለው ልዩነት አልቀረም፤ ሕክምናቸውን በመረጡት ዘንድ ግን ብልጫው ጸንቷል። ለአንድ አረጋዊ ሰው በእግር መንሸራሸር የተቻለባቸው አራት ዓመታት ትንሽ ነገር አይደሉም። ውሳኔው በኤምአርአይ ምስሉ ብቻ ሊመዘን የማይገባው ለዚህ ነው፤ እናትዎ ምን ያህል መራመድ እንደሚፈልጉ፣ ምን እንደሚያስፈራቸው፣ ሌላ ምን ሕመም እንዳለባቸው የሚያውቁት እሳቸውና እናንተ ናችሁ። ዌይንስታይን ከጥናቱ ጎን ለጎን አጥብቀው የያዙት ሐሳብም ይኸው ነበር፤ በ1999 በዳርትማውዝ ሒችኮክ የሕክምና ተቋም ታካሚና ሐኪም በጋራ የሚወስኑበትን ማዕከል አቋቁመዋል፤ በ«ስፖርት» የተሳተፉትም ስለ ሁለቱም ሕክምናዎች ማስረጃ የሚያቀርብ ቪዲዮ እንዲመለከቱ ይደረግ ነበር።

ቁጥር አጥኚ

ለእናቱ ልጅ አንድ ነገር ልጨምር። ቀዶ ከተወሰነ፣ «ቦዩን ማስፋት ብቻ ወይስ በብሎን ማያያዝም ጭምር?» ብላችሁ አጥብቃችሁ ጠይቁ። በ2016 በአንድ መጽሔት አንድ ዕትም ላይ ሁለት ጥናቶች ወጥተው ነበር። የስዊድኑ 247 ሰዎችን መርምሮ ማያያዝ መጨመሩ በሁለት ዓመት የተሻለ ውጤት አላመጣም ሲል፣ በአሜሪካ የተሠራውና 66 ሰዎች ብቻ የነበሩበት ጥናት ደግሞ አከርካሪያቸው በተንሸራተተባቸው ላይ በአጠቃላይ የአካል ጤና መለኪያ መጠነኛ ብልጫ አግኝቷል። አከርካሪው ካልተንሸራተተና ካልተናጋ፣ ማያያዝን የሚደግፍ ጠንካራ ምክንያት አይታየኝም፤ ማያያዝ ቀዶውን ያስረዝማል፣ የደም መፍሰሱንም ይጨምራል። በአካባቢዎች መካከል እስከ 20 እጥፍ ልዩነት የታየውም በዚሁ ዓይነት ቀዶ ላይ እንደነበር ከላይ ተጠቅሷል።

ተስፈኛ ታካሚ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የሽንትና የመደንዘዝ ምልክቶቹ የሉብኝም፤ የእግር ጣቶቼንም በኃይል ማንሣት እችላለሁ። ሐኪሜን ልጠይቅ ያሰብኩት ሁለት ነገር ነው፤ የጡንቻዬ ኃይል በየጊዜው ተለክቶ እንዲመዘገብልኝ፣ ካልተሻለኝም የመጨረሻው መጠበቂያ ጊዜ መቼ እንደሆነ። አንድ ጥያቄ ግን ቀርቶኛል። ቀዶ ተደርጎልኝ ዲስኩ ተመልሶ ቢወጣስ?

የቀዶ ሕክምና ሬዚደንት

ሊመለስ ይችላል፤ ይህ ከቀዶው በፊት ሊነገር ይገባል። በ«ስፖርት» የዲስክ መንሸራተት ቀዶ ከተደረገላቸው መካከል በስምንት ዓመት ውስጥ ዳግም ቀዶ ያስፈለጋቸው 15 በመቶ ያህሉ ናቸው፤ ለአብዛኞቹም ምክንያቱ ዲስኩ ተመልሶ መንሸራተቱ ነበር። በቀዶው ወቅት በብዛት የተመዘገበው ችግር ነርቮቹን የሸፈነው ስስ ሽፋን መቀደዱ ሲሆን፣ ከ100 ታካሚዎች 4 ያህሉን አጋጥሟል፤ ብዙውን ጊዜም እዚያው ተሰፍቶ ያለ ዘላቂ ጉዳት ይድናል። ሐኪምዎን ሊጠይቁ ካሰቧቸው ሁለት ነገሮች ላይ ይህንንም ይጨምሩ፤ በሚያክምዎት ማዕከል የሁለተኛ ቀዶ መጠን ስንት እንደሆነ ጠይቀው መልሱን በጽሑፍ ይቀበሉ።